ሚያዝያ 27 የማን ቀን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በቦሌና በአካባቢው የምንኖር ሁሉ በየወሩ 27 ቀን ሲደርስ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ከማለዳው ጀምሮ መንገዱ ነጠላ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል፤ ጧፍና ዕጣን ሻጮች በካቴድራሉ ቅጥር ዙሪያ ይደረደራሉ፤ የታክሲው ረዳትም «መድኃኔ ዓለም ወራጅ አለ» እስኪባል አይጠብቅም፤ ቀድሞ በሩን ይከፍታል። በዚያ ቀን የቀን መቁጠሪያ የሚያይ የለም። አያቶቻችንም ቢሆኑ ቀንን የሚጠሩት ከቁጥሩ ይልቅ በባለቤቱ ስም ነው። ዕቁቡ ለአቦ ይወጣል፣ የቤት ኪራይ ለተክልዬ ይከፈላል፣ እንግዳው በኪዳነ ምሕረት ማግሥት ይመጣል። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ቀን ሁሉ ባለቤት እንዳለው ያውቃል።

ታዲያ ከዓመቱ 27ቶች አንዱ ባለቤቱ በዝቶበታል። ሚያዝያ 27 የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን የያዘበት ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱበትም ቀን ነው። አገር አርበኞቿን የምታስብበት በዓል ነው። በአንዳንድ ዓመት ፋሲካ ይውልበታል። ከዚህ ሁሉ በፊትና ከዚህ ሁሉ ጋር ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ በዓል ነው። ባለፈው ጊዜ በውይይት ሰዓታችን አንድ ታናሽ ወንድማችን «ታዲያ የትኛውን ነው የምናከብረው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን እንደ ጥያቄው አያጥርም።

ከመጀመሪያው እንጀምር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ከሄዱ በኋላ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ ቀረች። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ። የዘረፈውና ያቃጠለው ገና ያልገባው ጠላት ሳይሆን የገዛ ወገናችን እንደ ነበረ መደበቅ አይገባንም። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ ገባ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ውሎ ስለነበር ሕዝቡ ገና በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነበረ፤ በቤተ ክርስቲያን የትንሣኤው ሰላምታ እየተባለ፣ በጎዳናው የባዕድ ባንዲራ ይሰቀል ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ሙሶሊኒ በሮማ ከሰገነቱ ላይ ቆሞ ኢጣሊያ የንጉሠ ነገሥት ግዛት መሆኗን አወጀ። ያ ቀን በእኛ ግንቦት 1 ነበር፤ ልደታ ለማርያም፣ እናቶቻችን ንፍሮ ቀቅለው ከደጅ የሚቀመጡበት ቀን።

ፋሺስቶች ከመሬትና ከሰው አልፈው ዘመንንም የራሳቸው ለማድረግ የሞከሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥተው ዓመታቸውን «አንድ፣ ሁለት» እያሉ በአዲስ ቁጥር ይቈጥሩ ነበር፤ አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት በእነሱ አቈጣጠር 14ኛው ነው። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ግቢ በሆነው በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አንድ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። የፋሺስት አገዛዝ የቈየበትን ዓመት በደረጃ ለመቍጠር የቆመ ነው። ከድል በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት እንጂ። በዕረፍት ሰዓት በአጠገቡ የምናልፍ ተማሪዎች ብዙዎቻችን ዓመት ቈጣሪ መሆኑን አናስተውልም። ይህ አንበሳ የጠላት ሥራ ላይ ቆሞ ማየቴ ስለ ሚያዝያ 27 ያለኝን አሳብ ብዙ አግዞታል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚሁ ግቢ ውስጥ ሳለን ስለ ልደት በዓል አንድ ነገር ላንሣ። በመጽሐፍ ቅዱስ የልደት ቀናቸውን ግብር አግብተው ሲያከብሩ የተጻፈላቸው ሁለት ነገሥታት ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው። በፈርዖን ልደት የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ ተሰቀለ። በሄሮድስ ልደት የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ በወጭት ቀረበ። በእኛም ከተማ እንዲህ ያለ ልደት ደርሶ ያውቃል። በ1929 ዓ.ም. ለኢጣሊያ አልጋ ወራሽ የናፖሊ መስፍን የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደለትና ግራዚያኒ ደስታውን ለመግለጥ በገነተ ልዑል ለድኾች ምጽዋት እንዲሰጥ አዘዘ። ቀኑ ዓርብ የካቲት 12፣ ወርኃዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነበረ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የኢትዮጵያ መንግሥት ያስታወቀው የሟቾች ቍጥር 30,000 ነው፤ ጉዳዩን በስፋት ያጠናው የታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ አካለ ስንኩላን ከሁሉ አስቀድመው ወደቁ። ሦስቱ ቀናት አልፈው ሰኞ የካቲት 15 ሲነጋ የጾመ ነነዌ መግቢያ ነበረ። አንዲት ከተማ ተጸጽታ ከጥፋት የዳነችበትን ጾም፣ ተቃጥላ ያደረች ከተማ ጾመችው።

ለቤተ ክርስቲያናችን ልደትን በዓል ማድረግ እንግዳ አይደለም። ጌታችን ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28)፣ እመቤታችን ግንቦት 1፣ መጥምቁ ዮሐንስ ሰኔ 30፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ታኅሣሥ 24 ልደታቸው ይከበራል። ነገር ግን አብዛኞቹን ቅዱሳን የምናስባቸው ባረፉበት ቀን ነው፤ የሰው ነገር የሚታወቀው በፍጻሜው ነውና። የመንግሥታት ልማድ ግን ሌላ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልደት ሐምሌ 16 እና ዘውድ የጫኑበት ጥቅምት 23 ለብዙ ዓመታት ሥራ የሚዘጋባቸው፣ ሰንደቅ ዓላማ የሚውለበለብባቸው ቀኖች ነበሩ። ከዚያ መስከረም 2 መጣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው የወረዱበት ቀን የአብዮት በዓል ሆኖ እስከ ደርግ መጨረሻ ዘመን ተከበረ። እሱም አለፈ። ዛሬ ሦስቱም ቀኖች የሥራ ቀኖች ናቸው።

ጠላትም ቀን ያውቃል፤ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። በዚያው በ1929 ዓ.ም. ጄኔራል ማሌቲ ደብረ ሊባኖስን ለማጥፋት ሲላክ የደረሰው ተሳላሚው ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዓፅም በተሰበሰበበት ጊዜ ነው፤ ግንቦት 12 ማለት ነው። መነኰሳቱ፣ ካህናቱና ምእመናኑ በካሚዮን እየተጫኑ ተወስደው ከግንቦት 13 ጀምሮ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮማ ያሳወቀው በመቶ የሚቈጠር ነበር፤ ካምቤል ግን ከ1,800 እስከ 2,200 ይሆናሉ ይላል። በዓሉን ያከበሩ ሁሉ በዓሉ ላይ ተገኙ። ስለዚህ «ቀኑ የጻድቁ ነውና ክፉ አይደርስብኝም» ማለት ሃይማኖት አይደለም። ሰማዕታቱም እንዲህ ብለው አልሄዱም፤ ሊሳለሙ ሄዱ እንጂ።

አሁን ወደ 1933 ዓ.ም. እንሻገር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር የረገጡት ጥር 12 ቀን ነው፤ ቃና ዘገሊላ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦታትም ከጥምቀተ ባሕር የሚመለሱበት። መጋቢት 28 እሑድ ቀን የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪቃ ወታደሮች ያሉበት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ፣ ኒቆዲሞስ ነበረ። በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር። ይሁን እንጂ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገቡም። በከተማይቱ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ የኢጣሊያ ሲቪሎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ነበሩና ጄኔራል ካኒንግሃም ሕዝቡ ይበቀላቸዋል ብሎ ሠጋ። ስጋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አባቱ የካቲት 12 የተገደለበት ልጅ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም።

ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ ከተማይቱ ወረዱ። ባዶሊዮ ከገባ ልክ አምስት ዓመት፣ ቀን ሳይጐድል ቀን ሳይተርፍ። እነ ራስ አበበ አረጋይ ከአርበኞቻቸው ጋር፣ ጠጕራቸውን ያላበጠሩ፣ አምስት ዓመት በዱር የኖሩ ሰዎች፣ በየመንገዱ ተሰልፈው ነበር። ሕዝቡ አለቀሰ ይባላል፤ ለምን እንዳለቀሰ መገመት ይቻላል። በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር ስለ ተፈጸመው ግፍ በዝርዝር ተናገሩ፤ ከዚያም ስለ ክፉ ፈንታ ክፉን እንዳይመልስ፣ ጠላት እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሲያደርገው የነበረውን ጭካኔ እንዳይደግመው ሕዝቡን ለመኑ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት 12ኛ ምዕራፍ ያለውን ትምህርት ነው የተናገሩት። ጳውሎስ የጻፈው ለማን ነበር? ለሮማውያን! ትምህርቱ ወደ ሮማ ተልኮ ነበር፤ በሮማውያን ልጆች ላይ መፈጸም የሚያስፈልግበት ሰዓት ሲመጣ አዲስ አበባ ላይ ተነበበ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለአንባቢዬ ታማኝ አልሆንም። የዚያ ቀን ቃል በኋላ በሁሉ ላይ እኩል አልተፈጸመም። ለጠላት ካገለገሉት ብዙዎቹ ሹመት ሲያገኙ፣ በጎጃም ጠላትን ያሸበረው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞተ። የአርበኞች ልጆች ይህን እየመረራቸው ይናገሩታል፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ቃሉን የተናገረው ሰው ወይም መንግሥት ቃሉን ሳይጠብቅ ቢቀር፣ ቃሉ ይወድቃል ወይ? አይመስለኝም። ጌታችን በሙሴ ወንበር ስለ ተቀመጡት ሲናገር የሚያዝዙትን እንድናደርግ፣ ሥራቸውን ግን እንዳንከተል አስተምሮናልና።

የደርግ መንግሥት ይህን በዓል ከንጉሠ ነገሥቱ መመለስ ለመለየት ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከዚያ ዘመን በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። መጋቢት 28ም ቢሆን የራሱ ጥላ አለው። በፈረንጆች ኤፕሪል 6 ቀን 1941፣ አዲስ አበባ ነፃ በወጣችበት በዚያው እሑድ ማለዳ፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ቤልግሬድን ደበደቡ፤ ዩጎስላቪያና ግሪክም በአንድ ቀን ተወረሩ። ከእነዚህ ሕዝቦች ብዙዎቹ እንደ እኛ በኦርቶዶክስ ሃይማኖት የሚኖሩ ናቸው። በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ እሑድ፣ አንዲት ከተማ እልል ስትል ሌላዋ ሬሳዋን ትለቅም ነበር። ቤልግሬዳዊ ወጣት በዚያ ቀን «እንኳን አደረሰህ» ብንለው ምን ይመልስልናል?

ሜይ 5 በውጭ አገርም ይታወቃል። የኔዘርላንድ ሕዝብ በ1937 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1945) ከናዚ ጀርመን እጅ የወጣበት ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይከበራል፤ እኛ በምንከብርበት በዚያው ቀን ማለት ነው። እነሱ ግን አንድ መልካም ልማድ አላቸው። በዋዜማው ማታ በሁለት ሰዓት አገሩ ሁሉ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላል፤ ሙታናቸውን ያስባሉ። ደስታው የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። ዋዜማ ምን እንደ ሆነ ለእኛ የሚነግረን ባያስፈልግም፣ ለዚህ በዓል ዋዜማ ማድረጋችንን ግን ረስተናል።

ካርል ማርክስ የተወለደውም ሜይ 5 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1818። የማርክስ ተከታይ ነኝ የሚለው መንግሥት በዓሉን ከዚህ ቀን ማዛወሩ የሚያስቅ ነው። በእኛ አቈጣጠር ግን ማርክስ የተወለደው ሚያዝያ 28 እንጂ 27 አይደለም። ምክንያቱም ፈረንጆቹ በየአራት ዓመቱ የሚጨምሩትን ቀን በ1900 ዓመታቸው ስለ ተዉት፣ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት ውስጥ ያለው ቀን ሁሉ ከኛ ጋር በአንድ ቀን ይለያያል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእነሱ ማርች 1 ሲሆን ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 የሚውለው በዚህ የተነሣ ነው። ይህን የምጽፈው ዕውቀቴን ለማሳየት አይደለም። ከዚህ ቀን ከዚያ ቀን እያጋጠሙ ምሥጢር የሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን ስላሉ ነው።

ከምሥጢር ፈላጊዎቹ አንዱ ፋሲካ በ1994፣ በ2005 እና በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 መዋሉን አግኝቶ ነበር። እውነት ነው። የአርበኞች ቀን፣ የመድኃኔ ዓለም ቀንና ትንሣኤ ሦስቱም ባንድ ቀን በ11 ዓመት ልዩነት ሦስት ጊዜ ገጥመዋል። «እንግዲህ በ2027 ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ብዙዎችን አስጨንቆ ነበር። ባሕረ ሐሳቡን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቅ ግን በ2027 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 21 እንደሚውል በቀላሉ ይነግረው ነበር። አበቅቴውና መጥቅዑ የተቀመሩት በዓልን በጊዜው እንድናከብር ነው፤ ዕጣ ፈንታ እንድናነብባቸው አይደለም። ቀን ፍጡር ነው። ጻድቁ ኢዮብ በመከራው ጊዜ የተወለደባትን ቀን ረገመ፤ እግዚአብሔር ሲመልስለት ግን ስለዚያች ቀን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ምድርን ስለ መሠረተ፣ ለባሕር ወሰን ስለ ሠራ፣ ለበረዶ መዝገብ ስላለው ስለ ራሱ ነገረው እንጂ።

ታዲያ የታናሽ ወንድማችን ጥያቄ ወዴት ደረሰ? መልሱ የሚገኘው ባለ 27 ከሚለው ስም ውስጥ ይመስለኛል። 27 የመድኃኔ ዓለም የሆነው ስለ ምንድን ነው? አባቶቻችን እንዳስተማሩን ጌታችን የተሰቀለው መጋቢት 27 ነው፤ የተነሣው መጋቢት 29፤ በእመቤታችን ማኅፀን የተፀነሰበትም መጋቢት 29። መጋቢት በጾም ስለሚያዝ ጥንተ ስቅለቱ ጥቅምት 27 በደስታ እንዲከበር፣ ብሥራቱም በደቅስዮስ ምክንያት ታኅሣሥ 22 እንዲከበር ተሠራ። እንግዲህ አስተውሉ። በዓለም ላይ ከተሠራው ሥራ ሁሉ የከፋው የተሠራው በ27 ቀን ነው። ሐሰተኛ ፍርድ፣ ጅራፍ፣ ምስማር፣ የወዳጆች መሸሽ፣ ሁሉም በዚያች ቀን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ምን ብላ ጠራችው? የጲላጦስ ቀን አላለችውም። የይሁዳ ቀን አላለችውም። «ኢየሩሳሌም የበደለችበት» አላለችውም። መድኃኔ ዓለም አለችው፤ የተበደለውን፣ በመስቀል ላይም ሆኖ ስለ ሰቃዮቹ የለመነውን በስሙ ጠራችው። ቁስሉን ግን አልደበቀችም፤ ሥዕሉን አይታችሁ ከሆነ ችንካሩ አለ፣ ደሙም አለ።

የስድስት ኪሎው አንበሳ ትዝ ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ደረጃው አልፈረሰም፣ አልተሸፈነም፤ ይቈጠራል። በላዩ የተቀመጠው ግን ሌላ ነው። ሚያዝያ 27ም እንዲሁ ነው። 1928 አልተፋቀም። ስለ ምን ሌላ ቀን አልተመረጠም? መጋቢት 28ም ነበረ፤ ጥር 12ም ነበረ። የሽንፈቱን ቀን ራሱን ወስዶ፣ በዚያው ቀን ላይ «ክፉን በክፉ አትመልሱ» የሚለውን ቃል ማስቀመጥ፣ ቀን ቈጣሪ ሁሉ የማያገኘው ጥበብ ነው። ቢበቀሉ ኖሮ ሚያዝያ 27 ለእኛ የድል፣ ለአንዲት ኢጣሊያዊት እናት ደግሞ የካቲት 12 ይሆን ነበር።

ይህ ነገር ከሩቅ ታሪክ ወጥቶ ወደ አዳራሻችን የሚገባው እንዲህ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን መካከል በአንድ ረድፍ ቆመው፣ በአንድ ከበሮ የሚያሸበሽቡ ልጆች አሉ፤ የቤተሰባቸው ቀን ግን አንድ አይደለም። ለአንዱ ቤት ግንቦት 20 የወንድም ከእስር መውጣት ነው፤ ለሌላው ቤት የአባት ደመወዝ የቆመበት ቀን ነው። ለአንዱ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አያቱ ያለ ፍርድ ከተረሸኑት አንዱ የሆኑበት ሌሊት ነው፤ ለሌላው ከታሪክ መጽሐፍ ያነበበው ቁጥር ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተጨመሩትን ቀኖች አልዘረዝራቸውም፤ እያንዳንዳችን እናውቃቸዋለን፤ አንዳንዶቻችን ጥቁር የለበስንባቸው ናቸው። በእነዚያ ቀኖች ማለዳ ሰላምታ ስንለዋወጥ የሚያጋጥመንን ዝምታ ያላየ የለም። አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ ፊቱን ያዞራል፣ ሦስተኛው «እኔ ፖለቲካ አላውቅም» ብሎ ወደ መዝሙሩ ይሸሻል። ሦስተኛው በጣም ጨዋ ይመስላል። እኔ ግን ከሦስቱ እሱን እፈራለሁ፤ የወንድሙን ሐዘን ፖለቲካ ብሎ ጠርቶታልና።

እርሳ ማለት አይቻልም። የረሳ ሰው ይቅር አላለም፤ ይቅር የሚለው ነገር አጥቶ ነው። እስራኤል የግብፅን ባርነት በየዓመቱ በመራራ ቅጠል ያስቡ ነበር፤ በዚያው ሕግ ግን በግብፅ ምድር መጻተኛ ነበራችሁና መጻተኛውን አትግፉ ተብሎ ታዝዘዋል። መታሰቢያው ቂም እንዲያበቅል ሳይሆን የተገፋውን እንዲያዩበት ነበረ። ቀኑን ይዘን፣ ቀኑን የምናውልበትን ሥራ መምረጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው። በየካቲት 12 ግራዚያኒም ምጽዋት ሰጥቷል እኮ! ምጽዋቱ ለአንድ መስፍን ክብር ነበር፤ ድኻው ጌጥ ሆኖ ቆመ። በሚያዝያ 27 ከመድኃኔ ዓለም ደጅ የምንሰጠው ሳንቲም የማን ክብር እንደ ሆነ ሰጪው ያውቃል።

ለዘንድሮው በዓል ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የተነጋገርነውን ላሳውቃችሁ። ሚያዝያ 27 ጠዋት በየዓመቱ በአራት ኪሎው የድል ሐውልት አበባ ይቀመጣል፤ አደባባዩም ስሙ ከቀኑ የመጣ ነው። መሄድ የሚፈልግ ከቅዳሴ በኋላ ከካቴድራሉ በር ላይ ይጠብቀን፤ ታክሲ አብረን እንይዛለን። ከዚያ በፊት ግን፣ በዋዜማው ሚያዝያ 26 ማታ ከጉባኤው በኋላ፣ በጦርነትም ሆነ በማንኛውም ግፍ ከቤተሰባችሁ የሞተ ሰው ካለ ስመ ክርስትናውን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ወላጆቻችሁን፣ በተለይም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ስንቱ ልጅ የአያቱን የጦር ስም እያወቀ ስመ ክርስትናውን አያውቅም! ወረቀቶቹን ሰብስበን በማግሥቱ ቅዳሴ ለሙታን በሚጸለየው ጸሎት እንዲታሰቡ ለካህኑ እንሰጣለን። የሞተበትን ዓመት መጻፍ አያስፈልግም። በየትኛው ወገን እንደ ነበረም አትጻፉ፤ ካህኑ አይጠይቅም፤ ለጸሎቱ የሚያስፈልገው ወልደ ማርያም ወይም ወለተ ጊዮርጊስ መባሉ ብቻ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።